የመሣሪያው ዝምታ፦ በጎሮ መስክ ላይ የብረት መፈለጊያን ስለ መልመድ



በአዲስ አበባ ከተማ ወደ መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሆቴል ወይም ወደ ባንክ የሚገባ ሰው ሁሉ የብረት መፈለጊያ መሣሪያን ያውቃል። የጥበቃው ሠራተኛ በባለጉዳዩ ወገብና ኪስ አጠገብ ሲያሳልፈው መሣሪያው ይጮኻል፤ ባለጉዳዩም ቁልፉን፣ ሳንቲሙን፣ ስልኩን አውጥቶ ያሳያል፤ ፍተሻውም በዚሁ ያበቃል። ከዚህ የዕለት ተዕለት ልምድ የተነሣ አብዛኛው ሰው ስለ መሣሪያው ሁለት እምነቶች አሉት። አንደኛው፣ መሣሪያው ሲጮኽ የሚፈለገው ነገር ተገኝቷል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ መሣሪያው ዝም ሲል በሥፍራው ምንም የለም የሚል ነው። የመጀመሪያው እምነት ጊዜ ያባክናል። ሁለተኛው ግን ሰው ይገድላል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ መሣሪያ ከበር ፍተሻ አውጥቶ ወደ መስክ ስለ መውሰድ ነው። መሬት ቆፍሮ መሥራት የዕለት ሥራው የሆነ ባለሙያ፣ ከመሬት በታች ያለውን በጆሮው መለየት ቢማር ምን ያተርፋል? ትምህርቱስ በምን ዓይነት ቦታ፣ በምን ዓይነት ሥርዓት ቢሰጥ ይበጃል? ለዚህ እንደ ምሳሌ የተመረጠው ሥፍራ ጎሮ ነው።

፩. መሣሪያው የሚሰማው ምንድን ነው?

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር መመልከት ይገባል። የተመሠረተው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባረጋገጠው የኤሌክትሮማግኔት ሕግ ላይ ነው። በመሣሪያው ጫፍ ባለው ክብ ሰሌዳ ውስጥ የሽቦ ጥቅል አለ። በጥቅሉ ውስጥ አቅጣጫውን በሰኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚለዋውጥ ኮረንቲ ሲያልፍ፣ በዙሪያው የሚለዋወጥ የማግኔት መስክ ይፈጠራል፤ መስኩም ወደ መሬት ውስጥ ይዘልቃል። በመንገዱ ላይ ኮረንቲ የሚያስተላልፍ ነገር ካጋጠመው፣ በዚያ ነገር ገላ ውስጥ እንደ ውኃ አዙሪት የሚሽከረከር ደካማ ኮረንቲ ያስነሣል። አዙሪቱ በበኩሉ የራሱን መስክ ይፈጥራል፤ መሣሪያውም ይህንን የተመለሰ መስክ በሌላ ጥቅል ተቀብሎ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ሌላው ዓይነት መሣሪያ ደግሞ ኮረንቲውን በአጭር በአጭሩ እየለቀቀና እያቋረጠ፣ በየዕረፍቱ አዙሪቱ ለመጥፋት የሚፈጅበትን ጊዜ ይለካል።

ከዚህ ሦስት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛ፣ መሣሪያው ለይቶ የሚያውቀው ዕቃ የለም። የሚሰማው የኮረንቲ አዙሪትንና የማግኔት ለውጥን ብቻ ስለሆነ፣ የጠርሙስ ቆርኪና የጥንት ሳንቲም በእርሱ ዘንድ ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለተኛ፣ ብረት የሚለው ቃል በዚህ አገባብ መዳብን፣ አሉሚኒየምን፣ ወርቅንና ሌላውንም ብረታ ብረት ሁሉ ያጠቃልላል፤ ፕላስቲክ፣ ሸክላ፣ ድንጋይ፣ እንጨትና አጥንት ግን ከዚህ ውጭ ናቸው። ሦስተኛ፣ ርቀት ጨካኝ ነው። አንድ ትንሽ ዕቃ ከጥቅሉ ስፋት አንጻር ርቆ ሲቀበር፣ መስኩ ወደ እርሱ ሲወርድ በርቀቱ ኩብ ይደክማል፤ ሲመለስም እንደገና በርቀቱ ኩብ ይደክማል። ስለዚህ ጥልቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚመለሰው ምልክት ከ64 አንድ እጅ ብቻ ይሆናል። በ15 ሳንቲ ሜትር ላይ ጥርት ብሎ የጮኸ ሳንቲም በ30 ሳንቲ ሜትር ላይ ጨርሶ ላይሰማ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

፪. ከፕሬዚዳንቱ አልጋ እስከ ኤል አላሜይን

በመሣሪያው ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ገና ከመነሻው የደረሰ ውድቀት ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1881 በጥይት ተመቱ። ጥይቱ በገላቸው ውስጥ ቀረ። የስልክ ፈልሳፊ የሚባለው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በኮረንቲ መስክ ብረት የሚፈልግ መሣሪያ ሠርቶ አቀረበ፤ መሣሪያውንም አስቀድሞ የቆየ ጥይት በገላቸው በነበረ የቀድሞ ወታደሮች ላይ ሞከረ፤ ሠራም። በፕሬዚዳንቱ ላይ ግን ጥይቱን ሊያገኝ አልቻለም። ምክንያቱ ሁለት እንደሆነ ይነገራል። አንደኛው፣ የተኙበት አልጋ የብረት ሞላ ያለው ስለነበር ድምፁን ማደናገሩ ነው። ሁለተኛው፣ ዋናው ሐኪም ጥይቱ በቀኝ ጎን ነው ብለው አስቀድመው ስለ ወሰኑ ፍተሻው በዚያው ወገን መወሰኑ ነው፤ ጥይቱ የነበረው በግራ በኩል ነው። ፕሬዚዳንቱ እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1881 ዐረፉ። መሣሪያው ባልተፈለገበት ቦታ ያለውን ሊናገር አይችልም፤ የፍለጋውን ክልል የሚወስነው ሰው ነው።

ከ60 ዓመት በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ዮዜፍ ኮሳትስኪ የተባለው የፖላንድ መኮንን አንድ ሰው ተሸክሞ የሚሠራበትን የፈንጂ መፈለጊያ እ.ኤ.አ. በ1941 በብሪታንያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1942 በግብፅ በኤል አላሜይን ጦርነት 500 ያህል መሣሪያዎች ተሠማርተው በበረሃው ፈንጂ መካከል መንገድ ከፈቱ። ነገር ግን ፈንጂ ሠሪዎችም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ብረቱን በእንጨት፣ በመስተዋትና በፕላስቲክ እየተኩ ሄዱ፤ በመጨረሻም ከብረት ወገን ትንሽ መርፌና ሞላ ብቻ የያዘ ፈንጂ ተሠራ። መሣሪያው ይህንን ለመስማት ጆሮው ሲስልለት፣ የመሬቱን ሚስማርና ቁርጥራጭ ሁሉ አብሮ መስማት ግድ ሆነበት። የዛሬው ባለ መሣሪያ የወረሰው ችግር ይህ ነው።

፫. የጎሮ መሬት ጠባይ

ጎሮ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በቦሌ በኩል የሚገኝ፣ ከተማው ሳይደርስበት የእርሻ መሬት የነበረ ሥፍራ ነው። ዛሬ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፓርክ፣ የመኖሪያ ሕንፃዎችና መንገዶች ሞልተውበታል። ሠፈሩ ለመሣሪያው ተማሪ የሚሰጠው ትምህርት ብዙ ነው።

በመጀመሪያ የመሬቱ ተፈጥሮ አለ። የአዲስ አበባ ዓለቶች የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው። ጥቁሩ ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት፣ ማግኔታይት የተባለውን የብረት ማዕድን ይዟል። ስለዚህ በጎሮ መስክ ላይ መሣሪያው ገና ሲከፈት፣ ምንም ዕቃ ሳይኖር፣ መሬቱ ራሱ ሊያጉረመርም ይችላል። በባዛልት ኮብልስቶን በተነጠፈ የእግር መንገድ ላይ ይህ ይብሳል። በምሥራቁ የከተማው ክፍል በብዛት የሚገኘው ጥቁር አፈር ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ኮረንቲ የማስተላለፍ ጠባዩም ከእርጥበቱ ጋር ይለዋወጣል። በጥር የተለመደ ድምፅ በነሐሴ ላይገኝ ይችላል።

ሁለተኛው፣ ሰው በመሬቱ ላይ የተወው ነው። ከእርሻው ዘመን የወደቀ የማረሻ ስባሪ ሊገኝ ይችላል። ከግንባታው ዘመን ደግሞ ሚስማር፣ የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ፣ የቆርቆሮ ቁራጭና የሚስማር ባርኔጣ በየሜዳው ተበትኗል። ሰው በሚያርፍበት ሣር ላይ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ፣ የሲጋራ ወረቀት አሉሚኒየም አይታጣም። አጥሩ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ወደ አጥሩ በተጠጉ ቁጥር መሣሪያው አጥሩን እንጂ መሬቱን አይሰማም። ከላይ የኃይል ማስተላለፊያ መስመር ካለፈም ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

ሦስተኛው፣ ለመሐንዲሱ ከሁሉ የሚበልጠው፣ በዕቅድ የተቀበረው መስመር ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት የኤሌክትሪክና የቴሌኮም መስመሮች ከምሰሶ ወደ መሬት ውስጥ ወርደዋል። አሮጌው የውኃ ቧንቧ ብረት ስለሆነ ይሰማል። አዲሱ የፕላስቲክ ቧንቧ አይሰማም። በፕላስቲክ የተሸፈነ የፋይበር መስመርም፣ የብረት ጋሻ ወይም መከታተያ ሽቦ ካልተደረገለት በቀር፣ አይሰማም። የኃይል ገመዱ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ቢሆንም፣ ከግማሽ ሜትር በታች ሲሆን ለሳንቲም ፍለጋ የተሠራ መሣሪያ ሊስተው ይችላል። እንግዲህ አንድ ጀማሪ በጎሮ መንገድ ዳር መሣሪያውን አንድ ጊዜ አሳልፎ «ቦታው ንጹሕ ነው፣ ቆፍሩ» ቢል፣ ዶማ የያዘው የቀን ሠራተኛ ነው ዕዳውን የሚከፍለው።

፬. ልምምዱ እንዴት ይካሄድ?

ልምምዱ ውድ አይደለም፤ ሥርዓት ግን ይፈልጋል። አስቀድሞ የቦታው ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ፣ መናፈሻም ከሆነ የሚመለከተው አካል፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ይስጥ። በአካባቢው የተቀበረ መስመር መኖር አለመኖሩም ይጠየቅ። መሣሪያ ተሸክሞ ሣር የሚያስስ ሰው ጥርጣሬ መቀስቀሱ የማይቀር ስለሆነ፣ ለአካባቢው ጥበቃ ማሳወቅም ተገቢ ነው።

ከዚያ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ ቦታ በሲባጎ ይለካና አንድ አንድ ሜትር ስፋት ወዳላቸው መስመሮች ይከፈል። ጀማሪው የሞባይል ስልኩን ያስቀምጥ፤ ጫፉ ብረት የሆነ የሥራ ጫማም አያድርግ። በጆሮ ማዳመጫ ቢሠራ ደካማውን ድምፅ ከመንገዱ ጫጫታ ይለያል። መሣሪያውን ከፍቶ ብረት የሌለበት ትንሽ ቦታ ይፈልግና፣ ሰሌዳውን ወደ መሬት ዝቅ ከፍ እያደረገ የመሬቱ ጉርምርምታ እስኪጠፋ ድረስ ያስተካክል። መሣሪያውን ከመሬቱ ጋር ማስታረቅ የሚባለው ይህ ነው። አፈሩ በተለወጠ ቁጥር፣ ከሣር ወደ ኮብልስቶን በተሻገረ ቁጥር፣ ዕርቁ መታደስ አለበት።

የመጀመሪያው ጧት ለክንድ ነው። ሰሌዳው ከመሬት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ፣ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ ይሂድ። የጀማሪ ሁሉ ችግር እንደ ዥዋዥዌ ማወዛወዝ ነው፤ በሁለቱ ዳር ሰሌዳው ከፍ ይላል፤ በዚያ ከፍታ ላይ ያለው መሬት ሳይፈተሽ ያልፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ጉዞ የቀደመውን እስከ ግማሹ መደረብ አለበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በአንድ ሰዓት መቶ ካሬ ሜትር ጨረስሁ የሚል ተማሪ እንደገና መጀመሩ አይቀርም።

ሁለተኛው ጧት ለጆሮ ነው። አንድ አይነት ዕቃ በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበራል፤ ሚስማር፣ ቆርኪ፣ የመዳብ ሽቦ፣ ሳንቲም። በ1969 ዓ.ም. የወጣው አንድ ሳንቲም አሉሚኒየም፣ ሃምሳ ሳንቲሙ ደግሞ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ስለሆነ፣ ሁለቱን ማነጻጸር ብቻ እንኳ ብዙ ያስተምራል። ተማሪው በደብተሩ አራት ዓምድ አስምሮ ቦታውን፣ ጥልቀቱን፣ ዕቃውንና የሰማውን ድምፅ ይመዝግብ። ምልክት ባገኘበት ላይ በመጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ከፊት ወደ ኋላ በመስቀል መልክ ያሳልፍ፤ ድምፁ ከሁለቱም አቅጣጫ አንድ ቦታ ላይ ከበረታ ዕቃው እዚያ ነው። ረዘም ያለ ሚስማር ከአንድ አቅጣጫ ሁለት ሆኖ ሊሰማ ይችላል፤ ቆርኪም ሰሌዳው ወደ ጎን ሲገፋ ድምፁ ይሰባበራል። እነዚህን በመጽሐፍ ማስተማር አይቻልም።

ሦስተኛው ጧት ፈተና ነው። አንድ ባልደረባ ተማሪው ሳያይ በሃያ ምልክት ከተደረገባቸው ነጥቦች ውስጥ በአሥሩ ዕቃ ይቅበር፤ በአምስቱ ቆፍሮ ባዶውን ይመልስ፤ በሁለቱ የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ያስቀምጥ፤ ሦስቱን አይንካ። ተማሪው በየነጥቡ «አለ» ወይም «የለም» ይበል። ከዚያ በኋላ በደብተሩ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይጻፋሉ፦ ያገኘው፣ የሳተው፣ ሳይኖር አለ ያለው። ስለ ሁለቱ የፕላስቲክ ቁራጮች የተሰጠው መልስ ደግሞ ለብቻው ይጻፍ። እጅግ ጎበዙ ተማሪም በእነርሱ ላይ «የለም» ማለቱ አይቀርም። ልምምዱ የታሰበው ለዚህች ቅጽበት ነው፤ ጀማሪው ሥራውን በትክክል ሠርቶ ሳለ መልሱ ስሕተት ሊሆን እንደሚችል በገዛ ዐይኑ ያያል።

፭. ሁለቱ ስሕተቶችና ዋጋቸው

የሳተው ቁጥርና ሳይኖር አለ ያለው ቁጥር በመናፈሻ ሣር ላይ የደብተር ነገር ናቸው። በሌላ የአገራችን መሬት ላይ ግን አንደኛው እግር፣ ሌላኛው የአንድ ዓመት እህል ነው።

ኢትዮጵያ ከጣሊያን ወረራ ጀምሮ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው የሶማሊያ ጦርነት፣ እስከ 1983 ዓ.ም. በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የተቀበረ ፈንጂ ወርሳለች። ይህንን የሚያጸዳ የኢትዮጵያ ፈንጂ ማጽጃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ተቋቋመ። አገሪቱም ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1997 ፈርማ በ2004 አጸደቀች። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2004 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት 1,492 ማኅበረሰቦች በፈንጂና በጥይት ቅሪት የተጎዱ መሆናቸው፣ የተጠረጠሩትም ቦታዎች 1,916 መሆናቸው ተመዘገበ። በኋላ በተደረገው ዳግም ቅኝትና ማጽዳት ከእነዚህ ቦታዎች በቁጥር አብዛኞቹ ከመዝገቡ ወጡ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ክፍል የተካሄደው ጦርነት ደግሞ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ክልሎች አዲስ ያልፈነዳ ተተኳሽ ትቶ አልፏል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ስሕተቶች ይታያሉ። ያልተገኘ ፈንጂ ከብት ጠባቂውን ልጅ ይጠብቃል። ፈንጂ ሳይኖርበት የተጠረጠረ መሬት ደግሞ ሳይታረስ፣ ልጅ ሳይመግብ ዓመታት ያልፋል። የፈንጂ አምካኙ ሙያ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚቆም ነው። ሁልጊዜ ጧት ሥራ ከመጀመሩ በፊት መሣሪያውን ጥልቀቱ በታወቀ ዕቃ ላይ ይፈትሻል፤ በጠባብ መስመር ይሄዳል፤ ያረጋገጠውን በምልክት ይለያል፤ አንድም ድምፅ «ቆርኪ ነው» ብሎ አያልፍም። ሞካሪ ብረቱንም በአግድም ዘንበል አድርጎ ወደ መሬት ይሰዳል እንጂ ከላይ ወደ ታች አይወጋም። መሣሪያው ዝም ባለበትም በውሻና በማሽን የሚታገዝበት ጊዜ አለ፤ ዝምታውን ብቻውን አያምነውምና።

በጎሮ የተለማመደ ሰው ፈንጂ አምካኝ አይሆንም፤ እንዲህ የሚያስብ ካለ ልምምዱ ጎድቶታል። ጥይት፣ ቦምብ ወይም ምን እንደሆነ የማይታወቅ ዕቃ ቢያጋጥመው ቆም ይበል፤ አይንካ፤ ቦታውን ከሩቅ ምልክት ያድርግና ለፖሊስ ያሳውቅ። ከአምካኙ የሚወርሰው የጧቱን ፍተሻና ለዝምታ ያለውን ጥንቃቄ ነው።

፮. ሳይወጣ መቅረት ያለበት

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ የውድ ቅርስ ሕግ አለ፤ ብዙ ሰዎችም በባለ መሬቱ ፈቃድ እርሻ ላይ ሳንቲም እየፈለጉ ይዝናናሉ። በኢትዮጵያ ሁኔታው ሌላ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግንና መቆፈርን ይከለክላል። በሕንፃ ሥራ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰውም ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከበው ድረስ ባለበት ሁኔታ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። ይህ ድንጋጌ በቀጥታ መሐንዲሱን የሚመለከት ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ገንዘብ ቀርጸዋል። ከእነዚያ አንዱ በድንገት ቢጮኽና ተጎልጉሎ ቢወጣ፣ ገንዘቡ በእጅ ይገባል፤ የተኛበት የአፈር ንብርብር፣ ከጎኑ የነበረው ሸክላና ከሰል የሚናገሩት ግን ለዘላለም ይጠፋል። ደግሞም ከቅርሳችን የበዛው ክፍል ድምፅ የለውም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው መልካ ቁንጥሬ ሀብቱ የድንጋይ መሣሪያና ቅሪተ አካል ነው። የዓለም ምርጡ የብረት መፈለጊያ በዚያ ላይ ቢያልፍ ዝም ይላል።

፯. ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቅ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር ሁለት ወገን አለው። የመጀመሪያው ለሚፈልገው ባለሙያ ነው። ቁፋሮ የሚያዝ ሰው የመሣሪያውን ዝምታ እንደ አንድ ምስክር ብቻ ይቀበለው፤ ከመስመሩ ባለቤት መሥሪያ ቤት የሚገኘው ካርታ፣ የአካባቢው ነዋሪ ቃልና በእጅ የሚቆፈር የሙከራ ጉድጓድ ሌሎቹ ምስክሮች ይሁኑ። በሪፖርቱም ላይ «ምንም የለም» በሚለው ፈንታ «በዚህ መሣሪያ፣ እስከዚህ ጥልቀት፣ ብረት አልተሰማም» ብሎ ይጻፍ። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች የሚለያዩት በጥቂት ቃላት ነው፤ የሚያስከትሉት ግን የተለያየ ነው።

ሁለተኛው ለሚቀብረው ባለሙያ ነው። የፕላስቲክ ቧንቧ ወይም የፋይበር መስመር የሚዘረጋ መሐንዲስ ከመስመሩ ጋር መከታተያ ሽቦ ወይም ብረት ያለበት የማስጠንቀቂያ ጥብጣብ ያስቀምጥ፤ የተሠራውንም በታቀደው ሳይሆን በትክክል በተቀበረበት ልክ አንሥቶ በካርታ ያስረክብ። ዋጋው ከቁፋሮው ወጪ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከዓመታት በኋላ በዚያው መንገድ ዳር ሌላ ወጣት መሣሪያውን ይዞ ሲያልፍ፣ ከበታቹ የሚናገር ነገር ያገኛል፤ ዶማውን የያዘውም ሠራተኛ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል።

ሦስት ጧት፣ አንድ ሲባጎ፣ ጥቂት ቆርኪና አንድ ደብተር ለዚህ ትምህርት ይበቃሉ። አባላቱ በየመሥሪያ ቤታቸው ላሉት ወጣት ቴክኒሻኖችና መሐንዲሶች ይህንን ዕድል ቢሰጡ፣ ማኅበሩ ከሚሠራቸው በጎ ሥራዎች አንዱ ይሆናል።